«ፋፋ» ምርቃት በሆነበት አገር

ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት የእህቴን ልጅ ይዤ ታቦር ተራራ ለመውጣት ተነሣሁ። ታቦርን ለማያውቁት አንባቢያን ልንገራቸው፤ ተራራ ይባል እንጂ እኛ የሀዋሳ ልጆች እንደ ጓሯችን የምናየው ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ሲቆሙ በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላ ወገን ከተማው ተዘርግቶ ይታያል። ክፍለ ከተማችንም ታቦር የሚለውን ስም የያዘው ከዚሁ ኮረብታ ነው። እኔ በዐሥር ዓመቴ ይህን ኮረብታ በቀን ሁለት ጊዜ እወጣው ነበር፤ አንዴ ለጨዋታ፣ አንዴ ደግሞ የጠፋ ኳስ ፍለጋ።

የእህቴ ልጅም ዐሥር ዓመቱ ነው። ሲሶውን እንኳ ሳንወጣ ቆመ። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ ማለክለክ ጀመረ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ትንሽ ሲረጋጋ ቀና ብሎ «አጎቴ፣ ባጃጅ እዚህ ድረስ አይመጣም?» ሲል ጠየቀኝ። ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም። ከምሩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሚማርበት ትምህርት ቤት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። ነርሶች መጥተው ተማሪዎቹን መዝነዋል። ቁመት 138 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት 48 ኪሎ። ከታች በእስክሪብቶ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት፤ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው» የሚል ተጽፏል። እህቴ ወረቀቱን ለእናታችን አነበበችላት። እናቴ ቡና እየወቀጠች ነበር። ሙቀጫዋን አስቀመጠችና፣ «ምን አሉ? ጠገበ ብለው ነው የከሰሱት?» አለች።

ይህ ጽሑፍ ለእናቴ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተጻፈ ነው። ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን ሥሩን ተከትዬ ስሄድ የአንድ ልጅ ጉዳይ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የአገር ታሪክ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በቅድሚያ ስለ መለኪያው ጥቂት እንበል። ሐኪሞች የልጅን ውፍረት በዐይን አይፈርዱም። ክብደቱን በኪሎ ይመዝናሉ። ቁመቱን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙታል። ከዚያም ክብደቱን ለዚህ ብዜት ያካፍላሉ። የእህቴ ልጅ ሲሰላ 25 ይመጣል። ለአዋቂ ሰው 25 የውፍረት ደጃፍ ነው። ለልጅ ግን ቁጥሩ የሚነበበው ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ተገናዝቦ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የዕድገት ሠንጠረዥ የዐሥር ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ልኩ 16 ከግማሽ ገደማ ነው። 18 ተኩልን ሲያልፍ ክብደቱ ከልክ በላይ ነው ይባላል፤ 21 ተኩልን ሲያልፍ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይሆናል። ነርሷ እንግዲህ አልተሳሳተችም።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ልጆች በአገራችን ምን ያህል ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ከልክ በላይ የሚመዝኑት ከመቶ 1 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ከመቶ 2 ሆኑ። በአንጻሩ በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀነጨረው በመጀመሪያው ጥናት ከመቶ 38፣ በሁለተኛው ከመቶ 37 ነበሩ። ይህን ያየ ሰው «ሠላሳ ሰባቱ ቀንጭረው ስለ ሁለቱ ወፍራሞች ማውራት ምን ይሉታል?» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ብዬ ነበር።

ነገር ግን የአገር አማካይ ከተማን ይደብቃል። ከተማ ገብተው ትምህርት ቤት ውስጥ የመዘኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ ነው። እዚሁ ሀዋሳ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከመቶ 15.6 የሚሆኑት ከልክ በላይ ክብደት ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዳላቸው አሳይቷል። ጎንደር ከተማ ትምህርት ቤት ባልገቡ ሕፃናት ላይ የተካሄደውና በ2017 የታተመው ደግሞ ከመቶ 13.8 አግኝቷል። በመላ አገሪቱ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ግምገማ በልጆችና በወጣቶች ዘንድ አማካዩን ከመቶ 11.3 ላይ አስቀምጦታል። ከዘጠኝ ልጆች አንዱ ማለት ነው።

እነዚህ ጥናቶች ምክንያት ብለው የሚጠቅሷቸው ነገሮች ከከተማ ከተማ እምብዛም አይለያዩም፤ የቤተሰብ ሀብት፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ጣፋጭ ማዘውተር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማነስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ መጥፋት። ልብ በሉ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ ውፍረት በይበልጥ የሚያጠቃው የድሃውን ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ገና የደኅና ኑሮ ምልክት ነው። እናቴ «ጠገበ ብለው ከሰሱት» ስትል የተናገረችው ውሸት አይደለም ማለት ነው።

ረሃብ ያስተማረን ዐይን

እናቴ የተወለደችው ወሎ ነው። በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ሲከዳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ታናናሾቿን በአንድ ወር ውስጥ አጥታለች። ስትተርክ «ሞቱ» አትልም። «ሲከሱ፣ ሲከሱ፣ አለቁ» ነው የምትለው። ለእሷ ሞት የሚጀምረው ከመክሳት ነው። በኋላ በዘመድ እጅ ሻሸመኔ መጣች፤ ከዚያም ሀዋሳ ተዳረች።

ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውን፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ማረሻ ያስቆመበትን ዘመን አባቶቻችን ሌላ ስም አላወጡለትም፤ «ክፉ ቀን» ብለው ተዉት። የወሎውን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግም ንጉሡን ከዙፋን ባወረደበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አስተላለፈው። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ቀጥሎ የድግስ ጠረጴዛ። እንደገና ሕፃን፣ እንደገና ድግስ። ያን ምሽት ያየ ትውልድ የረሃብ ተቃራኒው ድግስ መሆኑን በዐይኑ ተማረ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የሞሐመድ አሚን ካሜራ ያነሳው ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። የኢትዮጵያ ልጅ በዓለም ፊት የሚታወቀው በጎድን አጥንቱ ሆነ።

ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. በደቡቡ የአገራችን ክፍል የደረሰው ችግር «አረንጓዴ ረሃብ» ተብሎ ነበር፤ ምድሩ ለምልሞ፣ እንሰቱ ቆሞ እያየ ሕፃናት ተጎዱ። ያኔ የተጎዳው ልጅ አንዳንዱ የከሳ አይመስልም ነበር። ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ላላወቀ ሰው የተመቸው ይመስላል። ፕሮቲን ያጣ ሰውነት እንዲህ ያብጣልና። ያበጠ ሁሉ እንዳልፋፋ ያኔ የተማሩ እናቶች አሉ።

«ፋፋ» አልኩ። እስቲ በዚህ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። በአማርኛ ስለ ልጅ ውፍረት ስንናገር የምንጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ የምስጋና ናቸው፤ ፋፋ፣ ወዛ፣ ሞላለት፣ ሥጋ ለበሰ፣ ፊቱ በራ። ክሳት ግን ሁልጊዜ ክስ ነው፤ መነመነ፣ ጠወለገ፣ አጥንቱ ወጣ። «ልጅሽ ከሳ» የተባለች እናት ሌሊቱን አትተኛም። «ልጅሽ ፋፋ» የተባለች እናት ደግሞ ተናጋሪውን «በስመአብ በል!» ትላለች፤ ዐይን እንዳይበላው። ቡዳ እንኳ የሚፈራው ለወፍራሙ ልጅ ነው።

በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የሚዘጋጅ ርካሽና ገንቢ የልጅ ምግብ ቀመሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ሲያቀርቡት ስም አስፈለገው። «ፋፋ» አሉት። ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም ነበር፤ የእናትን ልብ ያውቃል። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዮች በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ከለውዝ የሚሠራ ልጥልጥ ምግብ ሲፈለስፉ «ፕላምፒ ነት» አሉት። «ፕላምፒ» በእንግሊዝኛ ፋፋ ያለ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ተራርቀው፣ ቋንቋ ተለያይተው፣ ሁለቱም አንድ ምኞት ተመኙ።

ይህ ምኞት ትክክል ነበር። ዛሬም ለብዙው የአገራችን ልጅ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ምኞቱ ከደረሰም በኋላ «በቃ» የሚል ቃል ስናጣ ነው። ቋንቋችን መክሳትን ለመፍራት ሺህ ቃል ሲኖረው፣ መወፈርን ለመጠንቀቅ ግን ከሐኪም የተዋስነው «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» የሚል ሦስት ቃል ብቻ አለው። እሱንም እናቴ አልገባትም።

የጣፋጭ መንገድ

አሁን ደግሞ ስለ ስኳር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዳውያን ኩባንያ አማካይነት ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሸዋ በ1950ዎቹ፣ መተሐራ በ1960ዎቹ ተከተሉ። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ ከተማችንና ለስላሳ መጠጥ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ፋፋም የእነሱ ዘመን ልጅ ነው። አንዱ የተራበውን ለማፋፋት፣ ሌላው የጠገበውን ለማስደሰት በአንድ ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አገሩን ተዋወቁ።

ሆኖም ስኳር ለረጅም ጊዜ እንደ ልብ አልተገኘም። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደል ነበር፤ ያንን ሰልፍ የማያስታውስ የእናቴ እኩያ የለም። እኔ ባደግሁበት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ለስላሳ የሚከፈተው ለበዓል፣ ለእንግዳ ወይም ለታመመ ሰው ነበር። ከረሜላ በአንድ ሳንቲም ስሌት የሚከፋፈል ሀብት ነው፤ በጥርስ ለሁለት የሚሰበር። ጣፋጭ ሲያምረን ሸንኮራ እንገሽራለን። ሸንኮራ ደግሞ በጥርስ ልጠው፣ አኝከው፣ መጥጠው፣ ደክመው የሚያገኙት ጣፋጭ ነው። በቡሄም እንዲያው ነው፤ ሙልሙሉን ለማግኘት ሰፈሩን በሙሉ ዞረን፣ ጅራፍ አጩኸን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጨፍረን ነው። ጣፋጩና ድካሙ አይለያዩም ነበር። (ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል መሆኑን፣ እኛም ያንን የምንጨፍረው ታቦር በሚባል ኮረብታ ሥር መሆኑን ልጅ ሳለሁ እንደ ልዩ ክብር እቆጥረው ነበር።)

ዛሬ ከእህቴ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ያሉትን ሱቆች ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙም ፊት ለፊት፣ በልጅ ዐይን ቁመት ልክ፣ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ከረሜላና ባለ ቀለም ጁስ ደርድረዋል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ስምንት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ሰጪ ምግብ ከመቶ 10 እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በታች እንዲሆን ይመክራል። ለአንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ያቺ ጠርሙስ ብቻዋን የኋለኛውን ልክ ታልፋለች። ከዚያ በላይ የሚያስከፋው የሚጠጣ ስኳር ሆድን አለማሳመኑ ነው። ገንፎ የበላ ልጅ «ጠገብኩ» ይላል፤ ለስላሳ የጠጣ ልጅ ግን ምሳውን እንደ ወትሮው ይበላል።

ምሳውም ተለውጧል። የሲዳማ ገበሬ ልጅ ያደገው በወሳ፣ በጎመን፣ በወተት ነው። የበዓሉ ቡርሳሜ ቅቤ የተትረፈረፈበት ቢሆንም የበዓል ነው፤ ከዚያ በኋላ ከብት ይጠበቃል፣ ውኃ ይቀዳል። የእህቴ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ግን ሰኞ ጥብስ ድንች፣ ማክሰኞ ፓስታ፣ ረቡዕ ሩዝ፣ ሐሙስ ደግሞ ጥብስ ድንች ነው። የሚጠበስበት ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ነው፤ ከኑጉና ከሱፉ ዘይት ይልቅ ለደም ሥር የማይስማማው ቅባት የሚበዛበት። እህቴን አልወቅሳትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ አልብሶ፣ ምሳ ቋጥሮ፣ ሥራ ለመግባት ለሚጣደፍ ሰው ድንች መጥበስ ይቀላል።

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለብኝ። እኔ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ፣ በጻፍኩት ልክ የምበላ ሰው ነኝ። እህቴ ቤት ስሄድ ባዶ እጄን መግባት ያሳፍረኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ለስላሳና ሁለት ብስኩት በፌስታል ይዤ እገባለሁ። ልጁ ከሩቅ ሲያየኝ ፌስታሉን እንጂ ፊቴን አያይም። ይህን ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ፍቅር እለው ነበር።

እግር ሥራ ሲፈታ

የሚገባው ጨመረ፤ የሚወጣውስ? በልጅነቴ «አዋሳ» እንላት የነበረችው ከተማ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ በዓሣና በብስክሌት። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ ተማሪውም በብስክሌት ይሄዳል። የራሱ የሌለው ልጅ በሰዓት ይከራያል። ሀዋሳ ከነማ በ1996 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ክረምት በታቦር ሥር ባዶ የነበረ ቦታ ሁሉ ሜዳ ሆነ። በአንድ ሰፈር አራት ቡድን ነበረን። እናቶቻችን ማታ ለእራት የሚጠሩን በጩኸት ነው።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ መጣ። ብስክሌቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ጥግ ሄዱ። ከተማዋ የክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፣ ሕዝቡ በዛ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። ዕድገት ነው፤ አልከፋም። ግን የእኛ አራት ሜዳዎች ዛሬ አንዱም የለም። አንዱ ላይ ሕንፃ፣ አንዱ ላይ ጋራዥ፣ ሁለቱ ላይ ቪላ ቆሟል።

ከቪላዎቹ አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ይህ የሀዋሳ ብቻ ጉድ አይደለም፤ በአዲስ አበባም፣ በሌሎች ከተሞቻችንም ብዙ የግል ትምህርት ቤት በመኖሪያ ቤት ተከራይቶ ይሠራል። ሳሎኑ ክፍል ይሆናል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል፣ ግቢው በንጣፍ ድንጋይ ይለበጣል። ልጆቹ እንዳይጋጩ «አትሩጡ» ይባላሉ። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አንዳንዴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሰጣል። የእህቴን ልጅ ደብተር አይቻለሁ፤ «የሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅሞች» የሚለውን በሚያምር ጽሕፈት ገልብጦ ከዐሥር ዐሥር አግኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሚያስተነፍስ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። የእህቴን ልጅ ቀን አብሬው ቆጠርኩ። ጠዋት ሰርቪስ ከበሩ ይወስደዋል፤ ማታ ከበሩ ያወርደዋል። ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የእናቱ ስልክ። በር ላይ እንዳይወጣ ተሽከርካሪ ያስፈራል፤ የማያውቁት ሰውም ያስፈራል። ፍርሃቱ ያለምክንያት አይደለም። ነገር ግን ልጁ በሕይወት እንዲቆይ ብለን ካስቀመጥነው ቦታ መነሣት አቃተው።

የሩቁ መስታወት

የሌላው ዓለም ታሪክ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት በጀርመን ጦር እገዳ ምክንያት የምዕራብ ሆላንድ ሕዝብ ተርቦ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቆይተው ተመራማሪዎች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና የተመረመሩ 300,000 ወንዶችን መዝገብ አገላበጡ። እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በማኅፀን ሳለ እጦትን የለመደ አካል በኋላ ምግብ ሲያገኝ ማከማቸት የሚቀናው ይመስላል። ወንጂን የመሠረቱት የሆላንዶች ታሪክ እኛን እንዲህ ይነካናል፤ ብዙ የተራበ አገር፣ ልጆቹ ድንገት ሲጠግቡ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት ማለት ነው።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ የዓለም ልጆች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት ከመቶ 9.4፣ ክብደታቸው ከልክ በታች የሆኑት ከመቶ 9.2 መድረሳቸውን ገልጿል። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍራሙ ከከሲታው በለጠ። በ2000 ወፍራሞቹ ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ሚዛኑ ገና ያልተገለበጠው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካና በደቡብ እስያ ነው። እኛ ገና ነን። «ገና» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ያረፍን ያስመስላል፣ ሌላው ጊዜ አለን ማለት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ምክንያቱም ነገሩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። በልጅነት የመጣ ውፍረት ብዙውን ጊዜ እስከ ጉልምስና ይዘልቃል። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንዲሉ፣ በዐሥር ዓመት የጀመረው በሠላሳ ዓመት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ሆኖ ይመጣል። የሀብታም በሽታ ስንለው የኖርነው ሁሉ በር ያንኳኳል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሕመም አለ። የእህቴ ልጅ የክፍል ጓደኞች ያወጡለትን ስም እዚህ አልጽፈውም። እሱ ራሱም አልነገረኝም፤ ሌላ ልጅ ሲጠራው ሰማሁ።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ስኳር ያለባቸውን ለስላሳ መጠጦችና ጎጂ ቅባቶችን ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ውስጥ አስገብቷል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሳሳይ ግብር ስትጥል የጣፋጭ መጠጥ ሽያጭ ቀንሶላታል። ግን ግብር ሜዳ አይሠራም። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ የራበው ልጅ አይማርምና። ያ ልጅ ሲበላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት በሌላው ግቢ ያለው ልጅ ሊሮጥበት የሚችል መሬት ቢኖረው የአንድ አገር ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለል ነበር። ትምህርት ቤት ሲፈቀድ የክፍሉ ስፋት እንደሚለካ ሁሉ የሜዳው ስፋትም በጥብቅ ይለካ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም፤ ውሳኔ ነው።

ለእናቴ የሰጠሁት መልስ

አንባቢዬ፣ ለእናቴ ምን እንደመለስኩላት ሳልነግርህ ብለያይ ደስ አይለኝም።

መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቀስኩላት። አልሰማችኝም። ስለ ስኳር በሽታ ነገርኳት፤ «እግዜር ያውቃል» አለች። በመጨረሻ ታቦር ላይ የሆነውን ነገርኳት። ሲሶውን ሳይወጣ እንደቆመ፣ እንዳለከለከ፣ ባጃጅ እንደጠየቀኝ። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እኛ እኮ ከዚያ ረሃብ የወጣነው በእግራችን ነው» አለች። «መሄድ ያልቻለው ነው የቀረው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በእህቴ ቤት ተአምር አልተፈጠረም። እናቴ አሁንም ታጎርሰዋለች፤ ጉርሻ ይቅር ብሎ የሚያዝ ሐኪም ቢኖር እኔም አልሰማውም። ብቻ ጉርሻዋ ውስጥ ጎመን ይበዛል። ለስላሳው ለበዓል ሆኗል። እኔም ፌስታሌን ቀይሬያለሁ፤ በወቅቱ እንደተገኘው አቮካዶ፣ ሙዝ ወይም ሸንኮራ ይዤ እገባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ አኩርፎኝ ነበር።

እሑድ እሑድ ሦስታችን ታቦርን እንጀምራለን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዚያ በስልሳ ሁለት ዓመት እግሯ፣ ከፊት ትሄዳለች። አናቱ ገና አልተደረሰም። ባለፈው ሳምንት ግን ከግማሹ አልፈን አንዲት ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሐይቁ ከዚያ ይታያል። የእህቴ ልጅ ትንፋሹን ሰብስቦ ቁልቁል ከተማውን እያየ፣ «አጎቴ፣ እናንተ ኳስ ትጫወቱ የነበረው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

በጣቴ አሳየሁት። የቪላዎቹ ቆርቆሮ በፀሐይ ያበራ ነበር።